ጣውንቴ ሰርጓጇ

ባሌን ሰፈሩ «የፍሪጅ ሐኪም» ይለዋል። ጋዝ የሚያስወጣ ፍሪጅ ሲገጥመው የሳሙና አረፋ ይቀባና አረፋው ያበጠበትን ቦታ ይደፍናል። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ነገረኛም አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደህና እንኖር ነበር፤ አንዲት መሃላችን እስክትገባ ድረስ። እሷም ሰው አይደለችም።

በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የምታህል ሰርጓጅ መርከብ ናት። በካርቶን ተበታትና መጣች፣ ገጣጠማት። ገጥሞ ቢተዋት ምን ነበረበት? ውሃ ስባ የምትሰምጥበትን፣ ተፍታ የምትነሳበትን ዕቃ አውጥቶ ጣለና በትልቅ ስሪንጅ ቀየረላት። ክብደት አነሳት ብሎ ደግሞ መጋረጃዬ እንዳይነሳ ጠርዙ ውስጥ የሰፋኋቸውን ብረቶች ፈታትቶ ወሰደ። አሁን ንፋስ በመጣ ቁጥር መጋረጃው ፊቴን ይመታኛል።

ይሄንንስ ቻልኩት። ያቃጠለኝ አነጋገሩ ነው። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ቀስ ብለሽ» እያለ ሲያባብላት እሰማለሁ። እኔን ሲጠራ «ስሚ» ነው። አዲስ ቀሚስ ብለብስ ቀና ሳይል «ጥሩ ነው» ይላል። በፕላስቲክ ይቀናል ወይ አትበሉኝ፤ ይቀናል። አንድ ቀን ቢብስብኝ «ከሁለታችን አንዷን ምረጥ ቢሉህስ?» አልኩት።

«ማነው የሚለው?» አለኝ፣ ብሎን እያጠበቀ።

ፍሪጅ የሚጠግንለት ሆቴል መዋኛ ገንዳውን በጠዋት ፈቀደለት። አብረን ስንሄድ በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፏታል። ቦርሳዬን ያዝልኝ ስለው «እጄ ሙሉ ነው» አለ። መቼም አትዋሺ ካላችሁኝ፣ አምራ ነው የጠለቀችው። እሱም ከሠርጋችን ወዲህ ያላየሁትን ሳቅ ሳቀ። ከዚያ ጥልቁ ጋ ስትደርስ ቀረች። ሪሞቱን ቢጫን ቢጫን ወይ ፍንክች።

ፊቱ አመድ መሰለ። ጥፋቱ ወዲያው ገባው። የማሽከርከሪያዋ ዘንግ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚዘጋው ጎማ የሚያግደው ከአንድ ወገን የሚመጣውን ብቻ ነው። እሱ እንደ ፍሪጅ ከውስጥ አየር ሞልቶ ከውጭ አረፋ ቀብቶ ፈተሸው። ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከሚወጣ ጋዝ ጋር ነው፤ የሚገባ ውሃ ትዝም አላለው።

«በግልባጭ ነው የገጠምኩት» አለ ቀስ ብሎ።

ዋና አይችልም፤ ውሃ ከጉልበቱ ካለፈ ይፈራል። እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት። አንጀቴን በላው መሰለኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ከነቀሚሴ ገባሁ።

ታች በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት፣ የመጋረጃዬን ብረቶች በሆዷ እንደያዘች። እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እዚሁ ትቅር! አልኩ በሆዴ። ባዶ እጄን ከውሃው ብቅ አልኩ።

«የለችም» አልኩት።

ጠርዙ ላይ ተንበርክኳል፣ ሱሪው ርሷል። ሪሞቱን መሬት አስቀመጠው።

«ተያት በቃ። ነይ የኔ ቆንጆ፣ ቀስ ብለሽ።»

ደግሞ እስኪለው ጠበቅሁ። አልደገመውም፤ ቃል ላይ ስስታም ነው። «ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ ውጪ» ብቻ አለ።

ተመልሼ ጠለቅሁ። በአንድ እጄ እሷን ከፍ አድርጌ፣ ሌላውን ወደ እሱ ዘርግቼ ብቅ አልኩ። እሱ ፈርቶ በግራው የመሰላሉን ብረት ጨብጧል፤ የቀረችው ቀኙ ብቻ ናት። እጁን ሰደደና የኔን ክንድ ያዘ። ሲጎትተኝ ሰርጓጇ ከእጄ አምልጣ ከጠርዙ ጋር ተላተመች፣ ክንፏ ተገነጠለ።

ዞሮ እንኳን አላያትም። እኔ ግን አየኋት።