የሙዲሩ ማራገቢያ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ኮምቦልቻ ወዳለችው የጥገና ሱቄ መጣች። «ማውዙም ፍላሹም አይሠራም። ወንድሜ ስልኩን ሰክቶ ነው ያቃጠለብኝ» አለችኝ። የዩኤስቢ መሰኪያውን ጠጋ ብዬ ሳሸተው የጋለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ስንት ዓመት ያለፈው ንዴት እንደ ትናንት ተነሳብኝ።

ልንገርህ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመንን በጦርነቱ መሀል አቋርጠን ሳውዲ፣ ጂዛን ገባንና ባይሽ አጠገብ አንድ የማንጎ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ተቀጠርን። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት አንዳችንም አልነበረንም። አብሮኝ የነበረው በዕድሜ የሚበልጠኝ የወሎ ሰው ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። ድንበሩ ተራራ ላይ ወባ ሲጥለኝ ሌሎቹ ትተውኝ ሄዱ፤ እሱ ግን አዝሎ አሻገረኝ።

አሠሪያችንን ሁላችንም ሙዲር እንለው ነበር፤ አለቃ ማለት ነው። በቆርቆሮ በተሠራው ቢሮው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው፤ የጭነት መኪኖቹ ወረቀት የሚታተመው በሱ ነው። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ቢሮውን ይጠርጋል። የምናድርበት ዳስ መብራት ስለሌለው፣ ጠርጎ እስኪጨርስ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይሰካ ነበር። አገር ቤት ያለችው ልጁ ማንበብ ስትለምድ የመማሪያ መጽሐፏን እያነበበች በድምፅ ትልክለታለች። ማንጎ ስንለቅም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማታል። «ስማ፣ ዛሬ ሳትቆም ጨረሰች እኮ!» ይለኛል።

ማንጎው የደረሰበት ወቅት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት መኪኖች ተጭነው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው የማንጎ ጭማቂ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ያቅለሸልሻል። ከተራራው ማዶ ከባድ መሣሪያ ሲጮህ የቢሮው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ድንገት ሙዲሩ ከውስጥ ጮኸ። ኪቦርዱ፣ ማውዙ፣ ፕሪንተሩ በአንዴ ጸጥ አሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሲያጎነብስ የጋሼን ስልክ ተሰክቶ አየው።

«ኢንተ ኸረብት!» አለ፤ አንተ ነህ ያበላሸኸው ማለቱ ነው። መጥረጊያውን እንደያዘ የቆመውን ጋሼን ጆሮ ግንዱን አጮለው። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ሮጬ ገባሁ። «ሙዲር፣ ስልክ ይህን አያደርግም። አገሬ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ እስቲ ልየው።»

ሳቀብኝ። «አንተ? ሂድ ማንጎህን ልቀም። ያላ!» አለና ደወለ።

ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና መጣ። ልናገር ስል ጋሼ ክንዴን ያዘኝ። «ዝም በል፣ ወንድሜ። አንተም ወረቀት የለህም፤ ሁለታችንም እንዳንሄድ» አለኝ። ጆሮውን በመዳፉ እንደሸፈነ ወጣና መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ዝም አልኩ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሹፌሮቹ መጮህ ሲጀምሩ ሙዲሩ ጨነቀውና ራሱ ጠራኝ። የተሰካውን ሁሉ ነቀልኩ። ዋናውን ገመድ ከግድግዳው አውጥቼ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ጊዜ ተጭኜ ይዤ፣ እንደገና አስነሳሁት። ኪቦርዱና ማውዙ ሠሩ። ፕሪንተሩን ሰካሁ፣ ሠራ። የጋሼን ስልክ ሰካሁ፤ ስልኩ በራ፣ ሌላውም አልጠፋም። የቀረችው የቢሮው ኤሲ አልበቃ ሲለው ሙዲሩ ላቡን የሚያደርቅባት፣ ከኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ የጠረጴዛ ማራገቢያ ነበረች። እሷን ስሰካት ሁሉም ነገር እንደገና ድርግም አለ፤ ያ የላስቲክ ሽታም መጣ። ገመዷን አገላብጬ ሳይ የወንበሩ ጎማ ልጦታል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ራቁታቸውን ተነካክተዋል።

«ያንተ ማራገቢያ ነው» አልኩት። «ደውልላቸው። ሰውየው ምንም አላጠፋም በላቸው።»

ሽቦውን አየ። መረዳቱን ፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ ማራገቢያዋን ቆሻሻ ውስጥ ወረወራት።

«ኸላስ፣ በቃ። ወረቀት የለውም፤ ዛሬ ባይሄድ ነገ ይሄዳል። አንተ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ቢሮ ነህ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ይህን ነው የምነግርህ። ሙዲሩን ብጠላው አይገርምህም፤ የዚያን ዕለት ግን ኤሲው ሥር ቀዝቀዝ ሲለኝ ደስ እንዳለኝ ማን ያምነኛል? እኔም ተይዤ እስክባረር ድረስ ያቺው ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀት ሳትም ኖርኩ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ጋሼን አፈላልጌ ሐይቅ አጠገብ አገኘሁት። ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስናገር አንገቱን ያዞራል፤ በአንዱ ጆሮው አይሰማም። ጥቂት አወራንና አንገቱን ደፋ።

«ያንን ኮምፒውተር አበላሸሁበት እኮ» አለኝ። «ያ ሁሉ ማንጎ በኔ የተነሳ በስብሶ ይሆናል እያልኩ ሲከነክነኝ ኖረ።»

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት! ስለ ማራገቢያዋ ነገርኩት። የማይሰማውን ጆሮውን በእጁ ዳሰሰ።

«ለሙዲሩስ ነገርከው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

ስለ ወንበሩ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም።

«በጣም አዘነ። አውፍ በለኝ በልልኝ አለ።»

ጋሼ ፊቱ ፈታ አለ። «አላህ አውፍ ይበለው። እሱም ሰው ነው፤ ተናዶ ነው» አለ። ያ ሰው ያላለውን ይቅርታ እኔው ፈጥሬ ሰጠሁለት። ጋሼ እጄን ይዞ በደህናው ጆሮው በኩል አስቀመጠኝና ስለ ዘንድሮው ዝናብ ያወራኝ ጀመር።