የሬትኖ እንግዴ ልጅ

ቱኪየም እኛ መንደር ቴምፔ ሻጭ ናት። አኩሪ አተሩን ቀቅላ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ታሻግተዋለች፤ ገበያው ውስጥ ከእሷ ሻጋታ የሚጣፍጥ የለም። አላገባችም። ብቻዋን ነው የምትኖረው ይባላል። ምግብ ስታቀርብ ግን ሁለት ሳህን ነው።

ነገሩ የጀመረው እህቷ ሬትኖ የተወለደች ጊዜ ነው። ቱኪየም ያኔ የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። እኛ የጃቫ ደሴት ሰዎች ዘንድ እንግዴ ልጅ የሕፃኑ ታናሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። አባት አጥቦ በሸክላ ድስት ደጃፍ ላይ ይቀብረዋል፤ እንዳይፈራም መብራት ይበራለታል።

ለሬትኖ ይህ ሁሉ ተደረገላት። ስሟ ራሱ ዕንቁ ማለት ነው። ቱኪየም ማለት ግን ያው ቱኪየም ማለት ነው።

«የኔስ የት ነው የተቀበረው?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

«ያንቺንማ አባትሽ በዝናቡ ደረቅ መሬት ቢያጣ ወንዝ ጨመረው» አለች እናቷ፣ ሬትኖን እያጠባች። ቀና ብላም አላየቻት።

ስሙንስ ይሁን ብላ ነበር። መብራቱን ግን አልቻለችውም። ሰው ሁሉ ማሳ በወረደበት ቀን ድስቱን ቆፍራ አወጣችና ከኩሽናው ጀርባ፣ ሙዙ ሥር፣ ለራሷ ቀበረችው። መብራቱ ለባዶ ጉድጓድ ሲበራ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ሬትኖ ለቅሶዋ አላባራ አለ። እናትየው «ያንቺ ቅናት ነው» እያለች ቱኪየምን ሩዝ ጎተራ ውስጥ ትቆልፍባት ጀመር፤ ሬትኖ ቆማ መሄድ ከጀመረች በኋላም አልተወችም። ጨለማ ነው፣ አይጥ አለ። ከበሩ ሥርም አብሯት የሚያለቅስ ድምፅ ትሰማለች። አንድ ቀን ስታለቅስ አጠገቧ የሆነ ነገር ቁጭ አለ። ትንሽ ነው፣ እርጥብ ነው።

«እትዬ፣ አትፍሪ፤ እኔ አለሁ» አላት።

ቱኪየም አልጮኸችም። እንደዚያ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅማ።

ወላጆቿ ሞቱ፣ እሷም ሸበተች፤ ያ ነገር ግን አላደገም። ወለሉ ላይ የሕፃን እግር የሚያክል እርጥብ ዱካ ይታያል። ከሁለተኛው ሳህን ምግብ ይጎድላል። የተጠበሰ ቴምፔ ይወዳል።

ባለፈው ዓመት ሬትኖ ከከተማ መጣች፤ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ትልቅ አልጋ ገዛሁ ብለሽ አልነበር?»

«አትቀልጂብኝ። አዋቂ ጋ ሄጄ ታናሽሽ አብሮሽ የለም አሉኝ። አሁን ደጃፉን ብቆፍረው ባዶ ነው።»

«ውሻ በልቶት ይሆናላ።»

«ከነድስቱ?»

ቱኪየም ወደ ምድጃው ዞረች። ይሄኔ ከበሩ ኋላ «እትዬ፣ ማናት እሷ?» የሚል ድምፅ መጣ። የሬትኖ የራሷ የልጅነት ድምፅ ነው። ሬትኖ አመድ መሰለች።

«ስጪኝ፣ እትዬ።»

«ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ፣ ማቀዝቀዣ አለሽ። ይሄም ይቅርብኝ?»

«ልሞት ነው እኮ። ደግሞ ያኔ ጎተራ ስትቆለፊ፣ በሩ ሥር ተቀምጬ አብሬሽ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ። ረሳሽው?»

ቱኪየም አልረሳችም። ያን ለቅሶ ግን የዚያ የእርጥቡ ነገር ነው ስትል ነው የኖረችው። ዶማዋን አነሳች። ድስቱን ከሙዙ ሥር አውጥታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ፊቷን አዙራ።

ሬትኖ ስትወጣ ትንንሾቹ ዱካዎች ተከተሏት። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እሷ ቴምፔ ስትጠብስ ታሳርራለች» አለች ቱኪየም ቀስ ብላ።

ዱካዎቹ ትንሽ አሰቡበትና ሬትኖን ተከትለው ሄዱ።

ቱኪየም ልማድ ሆኖባት ሁለት ሳህን አቀረበች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ በኩል ውሃ የሚያንጠባጥብ እርምጃ መጣ። ዱካው የሕፃን አይደለም። ልክ የእሷን እግር ያክላል፣ የተሰነጠቀው ተረከዟ ሳይቀር። መጥቶ ሁለተኛው ሳህን ፊት ቁጭ አለ።

«እትዬ» አላት፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን ቦታዬ ላይ ማንን ነበር ያስቀመጥሽው?»