በነጻ የተሰጠኝ ሰማያዊ ገመድ፦ ከሪራ እስከ ሮቤ ጠቦት ልሸጥ የሄድኩበት

ረቡዕ፣ ከሪራ መነሻ

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ አራት ጠቦት ይዤ ከሪራ ተነሳሁ። ሦስቱ ወንድ ናቸው፤ አራተኛዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ሴት ናት። ባለቤቷ ልጄ ዘይነባ ነች። ዘይነባ አራስ ናት፤ የተኛችበት ቤት ጣሪያው ቀርከሃ ነው፣ አርጅቶ ልክ በአልጋዋ በኩል ያፈሳል። ባለፈው ዝናብ ሕፃኑን ታቅፋ ከጥግ ወደ ጥግ ስትሸሽ አይቻታለሁ። ዋናው ክረምት ገና አልመጣም። ሳይመጣ በአልጋው በኩል ያለው ጣሪያ ቢያንስ አስራ ስድስት ቆርቆሮ ይፈልጋል።

ባሏ ቃሲም ግን በጎቹን ደጅ ድረስ ለመጣ ነጋዴ፣ አንዱን በሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ሊሰጥ ተዘጋጅቶ አገኘሁት።

«ሰውየው ደግ ነው፣ እማ። እዚሁ መጥቶ ይወስድልናል» አለኝ።

«የሚወስደውንማ አየሁት፤ የሚሰጠውን ነው ያላየሁት!» አልኩና በአፌ ተያዝኩ፤ እኔው ራሴ ገበያ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ማልኩ። እግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ እንደማይወድ ልጆቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ ግማሹን ዓመት ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ስዞር ነው የማሳልፈው። ስለዚህ የከለከለኝ የለም። ዘይነባ ብቻ ከአልጋዋ ሆና፣ «ሴቷን አትሽጪብኝ፤ እናቷ በየዓመቱ መንታ ነው የምትወልደው። ቆርቆሮው ካልሞላ ግን ምን ይደረጋል» አለችኝ። «ምን ይደረጋል» ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ያችን ሴት ግልገል ይዤ እንደምመለስ በልቤ ቆረጥኩ።

የተሳፈርኩበት አይሱዙ የጫካ ቡናና የማር ጀሪካን ጭኖ ነበር። ረዳቱ ለእኔ ሦስት መቶ፣ ለበጎቹ ለእያንዳንዳቸው መቶ ብር ጠየቀኝ።

«ባለፈው ሃምሳ አልነበረም እንዴ?»

«አዴ፣ ነዳጅ ጨምሯል» አለኝ፤ አዴ በእኛ ዘንድ እናት ማለት ነው።

«ነዳጅ የጨመረ እንደሆነ በጉ ምን አደረገ? ወንበር ላይ አይቀመጥ፣ ከጆንያ ሥር ነው የሚሄደው!»

«አየሩን ይተነፍሳል አዴ» አለኝና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ግን ከፈልኩ። ሲያስቁህ ነው የሚያስከፍሉህ።

ሰነቴ ላይ

የሃረና ጫካ አልቆ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ፣ የሰነቴ ደጋ አናት ላይ ስንወጣ ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ሰው ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ «ኧረ ሰው ቆሟል፣ አንሱት» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዘይነባ የቋጠረችልኝን ጭኮ አውጥቼ አጠገቤ ላሉት አካፈልኩ፤ ገብሱና ቅቤው ሆድ ሲገባ ትንሽ ሰው ሆንን። በጎቹ ግን በጀሪካኑ መሃል ሲገፋፉ ገመዳቸው እርስ በርሱ ተተበተበ። ጎባ ገበያ ዳር ስንደርስ ረዳቱ ልፍታው ብሎ አልታገለም፤ ቢላዋ አውጥቶ አራቱንም ቆረጣቸው! ቃሲም በእጁ የገመደው ጥሩ የቃጫ ገመድ ነበር። «ምን አደረግክ አንተ?» ስለው መኪናው ሄዷል።

ጎባ ገበያ

እንግዲህ አስቡት። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የበግ ተራው ሰው በሰው ላይ ነው፤ እኔ አራት ገመድ አልባ ጠቦት በጉልበቴና በነጠላዬ አቅፌ እታገላለሁ። አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጣል።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት መጣ። ኋላ እንደሰማሁት ከድር ይባላል፤ ለትልልቅ መኪናዎች በግ የሚሰበስብ ነጋዴ ነው። ትከሻው ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ደርድሯል።

«አዴ፣ አይልፉ፣ እኔ አለሁ» ብሎ አራቱንም በራሱ ገመድ አሰረልኝ፤ ጫፉንም እጄ ላይ አስያዘኝ።

«አላህ ይስጥህ ልጄ፣ እናትህን ያኑርልህ» አልኩት። ከልቤ ነው የመረቅሁት፤ ምርቃቴን መመለስ ቢቻል ኖሮ በዚያው ቀን ማታ እመልሰው ነበር።

በጎቹን በእጁ ዳበሳቸው፤ «ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ እሰጥዎታለሁ። ያስቡበት፣ አልቸኩልም» ብሎኝ ሄደ። እኔም በልቤ፣ ይሄ ገና የመጀመሪያው ነው፣ ገዢው ሲበዛ ይጨምራል አልኩ።

ገዢው በዛ። ግን አንድም ሰው እኔ ጋ አይቆምም! ከሩቅ በጎቼን አይተው ይመጣሉ፣ ዓይናቸው አንገታቸው ላይ ያርፋል፣ ያልፋሉ። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ጎንበስ ብላ አየቻቸው፣ «ማሻአላህ፣ ያማሩ ናቸው» ብላ አለፈች። «ነይ እንጂ፣ ዋጋ ጠይቂኝ!» አልኳት፤ ፈገግ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሄደች። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ከኔዎቹ የከሱ ሁለት በጎች እያንዳንዳቸውን በአምስት ሺህ ሸጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ቤቱ ገባ። ፀሐዩ አናቴን በላው። «በግ ነው! የሚሸጥ በግ!» ብዬ መጮህ ሲቀረኝ፣ እሱንም ጮህኩ። አዩኝና አዘኑልኝ።

ገበያው ሲበተን ከድር ተመለሰ።

«አዴ፣ ዛሬ ገበያው ሞቷል። አሁን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው።»

«ጠዋት ሦስት ሺህ አላልከኝም?»

«ጠዋት ጠዋት ነው።»

«እንግዲያው ነገም ነገ ነው! ሮቤ እወስዳቸዋለሁ» አልኩት። ገመዱን ልፈታለት ስል «ይያዙት፣ ይያዙት፣ ነገ ሮቤ አለሁ» አለኝ። ደግነቱ አላለቀም።

ማታ፣ እትዬ አስካለ ቤት

ጎባ ውስጥ የማድረው የድሮ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ቤት ነው። እሷ የገና፣ እኔ የአረፋ፤ ስንጠያየቅ አርጅተናል። በጎቹን ግቢዋ ሳስገባ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የተሸጠ በግ ለምን እኔ ግቢ ታሳድሪያለሽ? ገዢው ቤት የለውም?»

«ማን ሸጠ? አንድም ሰው አልጠየቀኝም!»

«ታዲያ የነጋዴ ገመድ አንገታቸው ላይ ምን ይሠራል?»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ አገር ሻጭ ገመዱን አይሸጥም፤ የበረቱ በረከት አብሮ እንዳይሄድ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል። ገዢ የራሱን ገመድ ያስራል። ስለዚህ የነጋዴ ገመድ ያለበት በግ ያለቀለት በግ ነው። ሌላው ሰው ዋጋ መጠየቁ በወንድሙ ገበያ ላይ መግባት ነው፤ ነውርም ነው፣ ሐራምም ነው። ያቺ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ ያደረገችው ለዚህ ነበር! ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስንት ዘመን ከብት ሸጬ ገመዴን ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ። «አዴ» ብሎ ሲጠራኝ ጊዜ እውቀቴ ሁሉ ጠፋ።

አስካለ እስክትደክም ሳቀች። «ሌባ በግ ይሰርቃል፤ የአንቺው ገበያውን ሰርቆ በጉን ላንቺ ተወልሽ» አለችኝ። ከዚያ ገብታ ያረጀ አንሶላ አመጣች፤ ቀይ አበባ አለበት። በረጅሙ ቀደድነው፣ ጠመዘዝነው፣ አራት ገመድ ወጣው።

ሐሙስ፣ ሮቤ

በማለዳ ከጎባ ሮቤ በጭነት መኪና ወረድን። ግራና ቀኙ ሜዳ ሁሉ የታረሰ ነው። የሮቤ የበግ ተራ ከጎባው ይሰፋል፤ ከአጋርፋም ከሌላውም ይመጣል። ሰማያዊዎቹን ገመዶች ክንዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ባለ አበባዎቹን በጎች አሰልፌ ቆምኩ።

«አዴ፣ ሙሽሮች ናቸው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሙሽሮች ናቸው፤ ጥሎሹን አምጣ!»

ሳቁ፤ እየሳቁ ግን ቆሙ። የቆመ ሰው ደግሞ ዋጋ ይጠይቃል። አንዱ አራት ሺህ አለ፣ ሌላው አራት ተኩል። ከዚያ ሐጂ ዑመር የሚባሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ መጡ። ለራሳቸውና ለሁለት ወንድሞቻቸው የአረፋ በግ ነው የሚፈልጉት። የእያንዳንዱን አፍ ከፍተው ጥርሱን አዩ፣ ጆሮው አለመቆረጡን አዩ፣ ዕድሜውን ጠየቁኝ። «ሦስቱንም በአምስት ሺህ፣ በአምስት ሺህ» አሉ። እኔ ስድስት ተኩል አልኩ። ገና መጎተት ስንጀምር ከድር ደረሰ።

«ሐጂ፣ እነዚህ በጎች የኔ ናቸው። ትናንት ገመዴን አስሬባቸዋለሁ።»

ሐጂ እጃቸውን ከበጉ ጀርባ ላይ አነሱ። «ይቅርታ አዴ፣ በሰው ገበያ አልገባም» ብለው መራመድ ጀመሩ። የዘይነባ ጣሪያ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ሐጂ፣ ይቁሙ! ይሄን ልጅ ይጠይቁልኝ! ዋጋ ተስማምተናል ወይ? ቀብድ ሰጥቶኛል ወይ? ያሰረው ገመድ እንጂ ቃል አይደለም!»

ሐጂ ተመለሱ። ሰውም ከበበን።

«ከድር፣ ዋጋ ቆርጣችኋል?»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ትናንት...»

«ወላሂ በልና እኔ እሄዳለሁ።»

ከድር አፉን ከፈተ። መሬት መሬት አየ። ወላሂ ማለት አቃተው፤ ለዚህ አላህ ይስጠው፣ ቢልስ ኖሮ ምን እሆን ነበር?

ገመዶቹን ከክንዴ አውጥቼ ሰጠሁት። «እንካ ልጄ። ንብረትህ ነው።»

«አዴ፣ ሁሉም ሰው እኮ ይሄንኑ ነው የሚሠራው» አለኝ ቀስ ብሎ። «መኪናው ሳይሞላ ከሄደ እኔ ነኝ የምከስረው።»

«ሁሉም ስለሚሠራው እኮ ነው ያቃጠለኝ! አንተ እንዳትከስር እኔ ልክሰር?»

ራሱን አከከ። ከዚያ ወደ በጎቹ አየና፣ «የአዲስ አበባ መኪናዎች ዛሬ በስድስት ሺህ እየጫኑ ነው። ከአምስት ተኩል በታች እንዳይወርዱ» አለኝ።

ሐጂ ዱላቸውን አነሱበት፤ «አንተ! አሁን ደግሞ ለማን ነው የምትሠራው?» ከቦን የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንዱን በአምስት ሺህ ሰባት መቶ ጨረስን። ሐጂ የሴት እጅ ላለመንካት እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው መዳፌን መቱ፤ ዋጋው ተቆረጠ። ሦስቱን የአንሶላ ገመድ ፈትቼ ወሰድኩ። «ሴቷስ?» አሉኝ። «እሷ የመጣችው ከተማ ለማየት ነው» አልኳቸው።

ከሰዓት አስራ ስድስቱን ቆርቆሮ ከነምስማሩ ገዛሁ። ነጋዴው አንዱን ቆርቆሮ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብሎ፣ ዘጠኝ መቶ ላይ ገባ። ገመድ ልጨምርልዎ ሲለኝ ምን እንዳልኩት አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ሪራ

ቆርቆሮው አይሱዙው አናት ላይ ሰነቴን ሙሉ ሲንኳኳ፣ ያቺ ግልገል እግሬ ሥር ተኝታ መጣች። ረዳቱ ለእሷ መቶ ጠየቀኝ፤ «ትንፋሿን ይዛ ነው የምትሄደው» አልኩት፤ ሃምሳ ተቀበለ።

ዘይነባ ግልገሏን ስታይ ከአልጋዋ ተነሳች። ቆርቆሮውን እንኳ ኋላ ነው ያየችው። ቃሲም ጭነቱን ሲያወርድ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ጎባው፣ ስለ ሮቤው፣ ስለ ገመዱ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ገበያ ላይ ከሰደበኝ ሰው ይልቅ ሳልጠይቀው የረዳኝን ሰው ሁለቴ ማየት እንዳለብኝ ነው፤ እሱንም ነገርኩት። ቃሲም ራሱን ነቀነቀ፣ ተገረመ፣ «ወይ የከተማ ሰው!» አለ።

ከዚያ ግልገሏን እናቷ ጋ ላገናኝ ወደ በረቱ ሄድኩ። እናቲቱ ቆማ ታመነዥካለች። አንገቷ ላይ አዲስ ሰማያዊ ገመድ አለ።

«ቃሲም!»

«እ? እሱን ነው? ያ ደጃችን ድረስ የመጣው ነጋዴ ትናንት ተመልሶ ነበር፣ እማ። ገመዷ አርጅቶ አየና በነጻ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ዞሮ ገመዱን አየው።

ገመዱን ፈትቼ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያየው ከአጥሩ በር ላይ አንጠለጠልኩት። ሰውየው ሲመጣ ይወስደዋል። ለእናቲቱ ባለ ቀይ አበባውን የአንሶላ ገመድ አሰርኩላት።