ሴኞር አቦይ

ከመቀሌ በተነሣሁበት ማለዳ ባለቤቴ ለተብርሃን ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። በርበሬውን፣ ሽሮውንና ለሚወለደው ልጅ የገዛችውን ነጠላ አደላድላ ስታበቃ፣ «አቦ ምሕረት፣ ልጄን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችኝ። በአገሯ ልማድ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ የምሕረት አባት ማለቷ ነው። እኔ ከሸዋ መጥቼ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩባት ከተማም የምታውቀኝ በዚሁ ስም ነው።

ልጃችን ምሕረት ወደ አሜሪካ ለመሻገር ወጥታ፣ በሜክሲኮ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ መንገድ ላይ ቀርታ ሦስት ዓመት ሆኗታል። አሁን የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት፤ ነፍሰ ጡርም ናት። እናቷ በጉልበቷ ሕመም ምክንያት መሄድ ስላልቻለች እኔ ሄድኩ።

ከተማይቱ በመቀሌው ሮማናት አደባባይ ዙሪያ ካሉት ጥቂት መንገዶች አትበልጥም። በአንድ ወገን ኮኮናት፣ በሌላው ወገን ዝም ማለት የማያውቅ ባሕር አለ። ጨው በአሞሌ ተጠርቦ በግመል ሲገባ እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እዚህ ግን ጨው የሚኖረው በአየሩ ውስጥ ስለሆነ መነጽሬን በቀን አራት ጊዜ እጠርጋለሁ። የለበስኩት ሸሚዝ ቁርስ ሳይደርስ ገላዬ ላይ ይጣበቃል። መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከአሸዋው ጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ ውሾቹ እንኳ ለምደውኛል።

ክፍል ያከራየችኝ ዶኛ ቼላ የምትባል መበለት ናት። በመጀመሪያው ቀን የበለስ ቅጠል ከትፋ፣ ከእንቁላል ጋር ጠብሳ አቀረበችልኝ። ፍሬውንማ በየክረምቱ እንበላዋለን፤ ቅጠሉን ግን በእኛ አገር ለበሬ እንደምንሰጥ ምሕረት እንድትነግራት አዘዝኩ። ሴትየዋ ጥቂት አሰበችና በሬዎቻችን ጤነኞች መሆናቸውን ጠየቀች። ጤነኞች ናቸው አልኩ። «እንግዲያው ይብሉ» አለችኝ። በላሁ።

የጎብኚ ፈቃዴ የሚያበቃው ልጁ ከሚወለድበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነበር። የምሕረት አባት መሆኔን ካረጋገጥኩ ግን ይራዘምልኛል ስለተባለ፣ ከልጄ ጋር በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድን። ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ትሑት ወጣት ተቀበለን፤ ምሕረት ታስተረጉም ነበር።

«የሴትየዋ አባት ሴኞር አቦይ ናቸው» አለ መዝገቡን እያየ፤ ሴኞር የእነርሱ አቶ ነው። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«አቦይ እኔ ነኝ።»

«ፓስፖርትዎ ተስፋዬ ወልደ ሰንበት ይላል።»

«አቦይ ስም አይደለም። በትግርኛ አባቴ ማለት ነው።»

«ጥሩ። ታዲያ ሴኞር አባቴ የት ናቸው?»

ወደ ልጄ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። ፓስፖርቷ በጉዞ ጠፍቶባት የሜክሲኮ ድንበር ላይ ስትደርስ፣ አባትሽን ማን ብለሽ ትጠሪያለሽ ብለው ጠየቋት፤ ድካም ያደነዘዛት ልጅ የምትጠራኝን ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ሁሉ ምሕረት አቦይ ናት።

በልጅነቷ ይህንኑ ቃል ለማስተው ዓመታት ደክሜ ነበር። የአማርኛ መምህር ልጅ ነሽና አባባ በይ እላታለሁ፤ «እሺ አቦይ» ትለኛለች።

ወጣቱ ስሕተቱ ሊታረም እንደሚችል ገለጸልን። ሆኖም መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፤ ውሳኔ እስኪሰጥ የእርሷ የመኖሪያ ፈቃድ ይታገዳል። ምናልባት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ምሕረት ይህን ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

«እንደፈለግህ፣ አቦይ» አለችኝ።

ወጣቱ ቀና አለ። ቃሉን ሰምቶታል፤ ፈገግም አለ። «አሁን አመንኩ» አለ። «ግን ጆሮዬ ማኅተም የለውም።»

የስሕተት ማረሚያው ማመልከቻ ቅጽ ፊቴ ነበር፤ እስክሪብቶዬም በእጄ። የተማሪ ስሕተት በቀይ ሳላሰምርበት አልፌ የማላውቅ ሰው፣ ያን ቀን ቅጹን ባዶውን መለስኩለት።

ቅዳሜ፣ ልጁ ሳይወለድ፣ እሄዳለሁ። ምሕረት አትመጣም፤ ቤቷ እዚህ ነው ብላኛለች፤ ቤቷ መሆኑን ግን ድምፅዋ አያረጋግጥም። ነጠላውን ለልጁ ትቼላታለሁ። በዚህ አገር ልጅ ከአባቱ ስም ቀጥሎ የእናቱንም የቤተሰብ ስም ስለሚይዝ፣ የሚወለደው በአንድ ዓሣ አጥማጅ ስም ጎን አቦይ ተብሎ ይጻፋል። ያን ስም የሚጠሩት ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም።

ትናንት ወደ መቀሌ ደወልኩ። የምናገረውን በወጉ አሰናድቼ ነበር። ለተብርሃን ስልኩን አነሣች።

«አቦ ምሕረት! ይዘሃት ልትመጣ ነው?»

መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«አልሰማሁሽም» አልኳት። «ማን አልሽኝ? ድገሚው።»