ሰማያዊዎቹ የጠፉ ሰሞን

አባቴ ከይምርሐነ ክርስቶስ ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አደረገላቸውና ለሁለት ወር ከአልጋ እንዳይነሡ አዘዛቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ቆመው መዋል እንጂ ተኝተው መዋል አያውቁም። በሦስተኛው ቀን የጣሪያውን ምስማሮች አንድ በአንድ አይተው ጨረሱ። በአራተኛው ቀን አንዱ እንደላላ ነገሩኝ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በዚያ ሰሞን እንግዳ ስላልነበረ የምውለው ቤት ነው። ሥራ ደህና በነበረ ጊዜ የገዛሁት ላፕቶፕ አለኝ፤ እሱ ላይ ደግሞ አንድ ባልደረባዬ በፍላሽ የሰጠኝ ጨዋታ ነበር። ሕዝቦች ከምንም ተነሥተው ከተማ ይቆረቁራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ይጠፋሉ። ሰው ካልፈለገ እጁን አያስገባም፤ ሁሉንም የሚያንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። እኔ መጫወቱን ስለማልችልበት እንዲሁ ከፍቼ አያለሁ።

አባቴ ከአልጋቸው ሆነው አዩኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ አፍጥጠሽ የምታዪው?»

«ሰዎች ናቸው፣ አባባ። ከተማ እየሠሩ ነው።»

«ማነው የሚያዛቸው?»

«ማሽኑ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አያለሁ።»

«እስቲ አምጪው» አሉ።

ላፕቶፑን አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ስድስት ሕዝቦች ነበሩ፤ የሚለዩት በቀለም ነው። አባቴ ሰማያዊዎቹን መረጡ። ደጋ ላይ ነው የሰፈሩት፣ መጀመሪያ የሠሩትም ቤተ መቅደስ ነው፤ ለሳቸው ይኸው በቂ ነበር። እስኪመሽ ሰማያዊዎቹ ሦስት ከተማ ቆረቆሩ። አባቴ እራት ሲበሉ «ሰው እየሆኑ ነው» አሉ።

ጎረቤታችን ያሉት ቄስ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አብረው ተምረው አብረው የሸበቱ፣ ተጣልተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ሊጠይቋቸው ሲመጡ ስክሪኑን በመነጽራቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «እኔ ቀዮቹን ይዣለሁ» አሉ።

«ቀዮቹ ደግሞ ምን አላቸው?» አሉ አባቴ።

«ግንብ አላቸው። የእርስዎ ሰዎች ግንብ የላቸውም፣ መሪጌታ።»

«ማን ይነካቸዋል ብለው?»

በማግሥቱ ቄሱ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ።

ከዚያ በኋላ መብራት እስካለ ድረስ ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ነበርን። ምሳ ቀርቦ እስኪነሣ መቶ ዓመት ያልፋል። ሰማያዊዎቹ ጽሕፈት አገኙ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ወንዙን ተሻግረው የካርታውን እኩሌታ ያዙ። ከሙጃ እግራቸውን ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶቻችን ስለ እግሩ አንድ ቃል ሳይሰሙ፣ ስለ ወንዙ ግን ሁሉን ሰምተው ተመለሱ።

አንድ ረቡዕ ቀዮቹ ተራራውን በስተጀርባ ዞረው ወጡ። የሰማያዊዎቹ ጦር ያለው ወንዙ ዳር ነበር።

«ንገሪያቸው እንጂ!» አሉ አባቴ።

«አይሰሙም፣ አባባ።»

«በጽሑፍስ? መጻፊያው ይኸው አይደል?»

እንደማይሆን አስረዳኋቸው። ከተሞቹ እስከ ዓርብ ድረስ አንድ በአንድ ቀሉ። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዋ፣ ቤተ መቅደሱ ያለባት ከተማ ተያዘች፤ ስክሪኑም ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ጠፍተዋል ይላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ቄሱ በተቀመጡበት ተቁነጠነጡ። «እኔ አላዘዝኳቸውም፣ መሪጌታ» አሉ።

«አውቃለሁ። ግን ደስ ብሎዎታል።»

ቄሱ መዋሸት አያውቁም። «ትንሽ» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቄሱ ሦስት ቀን ሙሉ አልመጡም። አባቴ ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል አሉ። እኔ ግን ገበያ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው፣ ሽንኩርት እየመረጡ ነበር። ይህን ዕቃ ከፍቼ የስንት ዘመን ወዳጅነት አበላሸሁ ብዬ ጨነቀኝ። እንዲያም ሆኖ ጨዋታውን መዝጋት አልቻልኩም፤ ማድቤት ውስጥ ብቻዬን አየው ነበር። የቀዮቹ ግዛት ከልክ በላይ ሰፍቶ ከተሞቻቸው ማመፅ ጀመሩ። አንዱ ወገን ሌላውን ወጋ፤ የቀሩትን ቢጫዎቹ ወሰዷቸው። ማክሰኞ ጠዋት ቀይ የሚባል ነገር አልነበረም።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ለአባቴ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ቤተ መቅደሱስ?» አሉ።

«ተቃጥሏል።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው፣ «ሂጂና ቄሱን ለምሳ ጥሪያቸው። ስለ ቀዮቹ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ።

ቄሱ አንድ ቆርቆሮ ማር ይዘው መጡ፤ ለእግሩ ይሆናል አሉ። ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ትንሽ ካወሩ በኋላ የተዘጋውን ላፕቶፕ አዩት።

«ቀዮቹ እንዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«ደህና ናቸው» አሉ አባቴ።

ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቄሱ ወደ እኔ ዞር ሲሉ ውኃ አመጣለሁ ብዬ ተነሣሁ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው፣ ቄሱ ማዕዱን ባረኩ፤ ቀኑ የፍስክ ስለነበረ ሁለቱም ደጋግመው በሉ።