ጋሽ ድፍን የመከሩት ፈተና

የበየዱት የውሃ ታንከር ጠብታ ስለማያፈስ ሰፈሩ «ጋሽ ድፍን» ይላቸዋል። ምክር ሲጀምሩ ደግሞ ማን ይችላቸዋል! ልጃቸው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን አሠራር የሚያስረዳ ወረቀት ይዛ ብትመጣ፣ ሳያነቡት መሣሪያ ሳጥናቸው ላይ ወረወሩት።

«ይሄን ለእኔ ተይው» አሉ አፋቸውን ሞልተው። «ባዶ የተተወ ነገር ሁሉ ያፈሳል። የማታውቂውንም ገምተሽ አጥቁሪው!»

ልጅት አባቷን አምና የመልስ ወረቀቱን ክቦች በሙሉ አጠቆረች። ውጤቱ ሲመጣ ለመግቢያው ሁለት ነጥብ ጎደላት።

ጋሽ ድፍን ያኔ የወረወሩትን ወረቀት አንስተው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል፤ ባዶ ለተተወ ግን ምንም አይቀነስም ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ማምሻውን እህታቸው መጡ። «ምን ነካሽ ልጄ?» ቢሏት፣ ልጅት ወደ አባቷ ዞር እንኳ ሳትል «ሰነፍኩ፣ አክስቴ። በደንብ አላጠናሁም» አለች።

«እንዲህ የሚመክር አባት እያለሽ! ትንሽ አታፍሪም?»

ያፈረውስ ሌላ ሰው ነበር። እሱም ወረቀቱን አጣጥፎ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ደበቀው።