ለእንጨት ፈረስ የተሰለፉ ዘንቢሎች

ባለፈው የገና ሰሞን የልጅ ልጄ አዳማ ውስጥ ከተከፈቱት አዳዲስ መዝናኛዎች ወደ አንዱ ጎትታ ወሰደችኝ። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር፣ መብራት የሚያበራ የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ወጣች። ሁለት ዙር እንደሄደች ስልኳን አወጣች። ፈረሱ ይጋልባል፣ እሷ ስልክ ትነካካለች። ሳቄ መጣ። "ምን ያስቅሃል አባባ?" አለችኝ። "እኔም በወጣትነቴ የፈረስ ባለቤት ነበርኩ" አልኳት። አላመነችኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ከተማችንን ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ዘመን። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተን መናኸሪያው አጠገብ ብርቱካንና ፓፓያ እሸጥ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ደበሌ አናጢ ናቸው። ኩየራ፣ የፈረንጆቹ ሚሲዮን ውስጥ ሲሠሩ ያገኙት አንድ አሮጌ የአሜሪካ መጽሔት ነበራቸው። ውስጡ የድሮ መጫወቻ ሜዳ ፎቶ አለ፤ ባርኔጣ የደፉ ወንዶችና ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በእንጨት ፈረስ ተቀምጠው ይሽከረከራሉ። ጋሽ ደበሌ ያንን ፎቶ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖሩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነሱና አልጋቸውን ፈለጡት።

አልጋውና ቁም ሣጥኑ ተደምረው ስድስት ፈረስ ወጣቸው። ሚስታቸው ክረምቱን መሬት ላይ ተኝተው፣ አኩርፈው ከረሙ። እኔ ደግሞ ከአንድ ጋራዥ የአሮጌ ካሚዮን ኩሽኔታ ለምኜ አመጣሁና መሀል ምሰሶው ላይ ገጠምነው። ሁለት ሆነን ስንገፋው ይዞራል። ሽርክናችን እንዲህ ነበር፤ እሳቸው አልጋቸውን አዋጡ፣ እኔ ምላሴን።

ፎቶውን ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳሳየው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ "ከቡልጋሪያ ነው ጓድ" አልኩት። ፈረሶቹ ቀይ ይቀቡ ብሎ ከገበያው አጠገብ ሜዳ ሰጠን። ቀባናቸው። አምስቱ ፈረስ መሰሉ፤ ስድስተኛው ጅብ ሆኖ ቀረ።

ጥቅምት ላይ ሥራ ጀመርን። የናዝሬትን የጥቅምት ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አቧራውን ከሜዳው አንስቶ ፓስቲው ላይ፣ ከፓስቲው ወደ ጥርስህ። ሰው ይመጣል፣ ሸንኮራውን እየመጠጠ ያያል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። ልጆቹ ሳንቲም የላቸውም፤ ሳንቲም ያላቸው ትልልቆች ያፍራሉ። የመጀመሪያው ሆኖ የሚወጣ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ሊቀመንበሩ መጣና "እስከ ቅዳሜ ሰፊው ሕዝብ ካልተገለገለበት፣ እንጨቱ ለስብሰባ አዳራሻችን አግዳሚ ወንበር ይሆናል" አለን። ጋሽ ደበሌ የጅቡን አንገት ዳበስ ዳበስ አደረጉ። በዚያች ከተማ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እነዚያ ፈረሶች ለዚያ አልተፈጠሩም።

ዘመኑ የሰልፍ ዘመን ነበር። የወንጂ ሸንኮራ ማሳ ከአፍንጫችን ሥር ነው። ነፋሱ በዚያ በኩል ሲመጣ የሚፈላው ስኳር ሽታ ጓዳችን ድረስ ይገባል። ስኳሩ ግን በኩፖን ነው፣ እሱም በመጣ ጊዜ። ያለ ኩፖን የሚታደለው ሽታው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰው ሰልፍ ሲያይ መጀመሪያ ይቆማል፤ ምን እንደመጣ ኋላ ይጠይቃል። ራሱ መቆም ያልቻለ ዘንቢሉን ወይም ድንጋይ ያስቆማል። ያ ድንጋይ ሰው ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም።

ሐሙስ ማለዳ ፈረሶቹን ለአቧራው ብለን በምናለብሳቸው ሸራ ሸፈንኳቸው። ከሸራው ፊት አንድ ያረጀ ዘንቢል፣ አንድ ጡብ፣ አንድ የናቴን ቀዳዳ ጀሪካንና ሁለት ድንጋይ በተርታ ደረደርኩ። ከዚያ ራቅ ብዬ ብርቱካን መላጥ ያዝኩ።

ብዙ አልቆየም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አዴ ጫልቱ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። ሸራውን አዩ፣ ጀሪካኑን አዩ።

"ከኔ በፊት ማነው?" አሉኝ።

"ዘንቢሉ፣ ጡቡና ጀሪካኑ፣ ከዚያ ድንጋዮቹ" አልኳቸው። ውሸት የለበትም።

ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ከኋላቸው አንዲት፣ ከዚያ ሦስት። ቀጥላ የሊቀመንበሩ ሚስት እትዬ አስካለ ሁለት ዘንቢል ይዛ ደረሰች። በቃ፣ ከተማው አበቃለት። የሊቀመንበር ሚስት በከንቱ አትቆምማ! አራት ሰዓት ላይ ሰልፉ ገበያውን ዞረ። ከፊት ያሉት ስኳር ነው ይላሉ፣ መሀል ላይ ሳሙና ነው፣ ጭራው ጋ የቡልጋሪያ ቅቤ ሆኗል።

ጋሽ ደበሌ መጥተው ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ምን አደረግህ አንተ ልጅ?"

"ሰው አመጣሁልዎ።"

"ይሄ ዘንቢል የያዘ ሰው ነው! ዘንቢል የያዘ ሰው ይገድላል!"

ፀሐዩ ሲበረታ ሸራውን ከማንሳት ሌላ መላ አልነበረኝም። ገለጥኩት። ከፊት ለፊት ጅቡ ነበር። ድንጋዮቹና ጀሪካኑ ባለቤት ስላልነበራቸው አንደኛ ወረፋ የደረሳቸው አዴ ጫልቱ ናቸው።

"ስኳሩ የታለ?"

"አዴ... ስኳር እንኳ የለም። ፈረስ ነው።"

"ፈረስ በኩፖን ሆነ?"

ከኋላ ጩኸት ተነሳ። አንዱ ሮጦ ነግሮ ኖሮ ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ደረሰ። "ስኳር መጣ ብሎ ያስወራው ማነው? ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!" አለ። በዚያ ክስ እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው አውቃለሁ። አብዮት ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። ምላሴ፣ ያ ለሽርክና ያዋጣሁት፣ ከአፌ የለም።

አዴ ጫልቱ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

"ስኳር ያለ ማነው? ፈረስ ልንወጣ ነው የተሰለፍነው።"

"ከነዘንቢላችሁ?"

"ታዲያ ለሌባ ትቼው ልውጣ?"

"ከማለዳ ጀምሮ፣ ለእንጨት ፈረስ?"

"ወረፋ ነዋ! ወረፋ አታውቅም? እናንተ አይደላችሁ ያስተማራችሁን?"

ሰው አፉን በነጠላው ያዘ። ሊቀመንበሩ የሚመሰክርለት ፍለጋ ሰልፉን ሲያይ ዓይኑ ሚስቱ ላይ አረፈ። ሁለቱን ዘንቢሎች አየ።

"አንቺስ?"

እትዬ አስካለ ዘንቢሎቿን ከኋላዋ ደበቀች። "ፈረስ" አለች።

ሳቁ ከዚያ ወዲያ የሚቆም አልሆነም። አብዮት ጠባቂው ራሱ ክንዴን ለቆ ፊቱን አዞረ። አዴ ጫልቱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጅቡ ላይ ወጡ፤ "ይሄኛው ሟቹን ባሌን ይመስላል" አሉ። እትዬ አስካለ ከአጠገባቸው ወጣች፤ አማራጭ አልነበራትም። ስድስት ሴቶች ዘንቢላቸውን አቅፈው ተቀመጡና ገፋናቸው። በመጀመሪያው ዙር ማንም አልተነፈሰም። በሁለተኛው እትዬ አስካለ "ጠንከር አድርጉት እንጂ!" አለች። በሦስተኛው አዴ ጫልቱ እልልታቸውን አቀለጡት። እስከ አሥር ሰዓት ስንገፋ ዋልን። ቅዳሜም ሰልፍ ነበር፤ ያለ ጀሪካን። እስከ ክረምቱ ድረስ ስለ አግዳሚ ወንበር ያነሳብን የለም።

ያን ዕለት አዴ ጫልቱ ከፈረሱ ሲወርዱ ጆሮዬን ያዙ። "ያ ጀሪካን የናትህ ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ቀዳዳውን አምና በሰም የደፈንኩላት እኔ ነኝ።"

"አውቀው ነው ያዳኑኝ?"

"አስረውህ ቢሄዱ ያቃጠልከውን ጠዋቴን ማን ይመልስልኛል? ከዛሬ ጀምሮ በቀበሌ ሱቅ የኔን ወረፋ የምትቆመው አንተ ነህ።"

ቆምኩ። ለስኳር ቆምኩ፣ ለሳሙና ቆምኩ፣ ለዘይት ቆምኩ፤ ዓመታት አለፉ። ሰው ምን እንደቸገረው ከሰልፍ በላይ የሚነግርህ ስለሌለ ንግድ የተማርኩት እዚያው ነው። ደርግ ወድቆ ስኳር በየሱቁ ሲደረደር እየተጣደፍኩ ቤታቸው ሄድኩና "አዴ፣ ወረፋ ቀርቷል፤ ነፃ ወጣሁ" አልኳቸው። "የወደቀው መንግሥት ነው፤ እኔ መች ወደቅሁ?" አሉኝ።

ዛሬ የቤት ዕቃ መደብር አለኝ። ያን ቀን ሰው አታለልኩ ወይስ አስደሰትኩ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ የፈለገውን ገዝቶ እልል ያለ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። አዴ ጫልቱ ካረፉ ቆዩ። ልጃቸው ግን ዕቃ ልትገዛ ትመጣለች። በበዓል ሰሞን ሱቁ ሞልቶ ሰው ሲጋፋ እንኳ ገና ከበር ሳያት ጠርቼ አስቀድማታለሁ። ሌሎቹ ያጉረመርማሉ፤ "እኛስ? ቆመን የለም እንዴ?" ይሉኛል።

"እሷ ከናንተ በፊት ናት" እላቸዋለሁ። "እናቷ ቆመውላታል።"